ባትሪው 12.5 ይላል፣ ማሞቂያው ግን አይነድም፦ የአሮጌ ሞተርሆም የኤሌክትሪክ ጥገና ማስታወሻ

ማርች፣ ቅዳሜ ጠዋት

መኪናው በፎርድ ኢ-450 ሻሲ ላይ የተሠራ የ2006 ሞዴል ሞተርሆም ነው። ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ፣ መሃል ላይ ኩሽና፣ ኋላ መኝታ አለው። እዚሁ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከአንድ ጡረተኛ ገዛነው። ሞተሩና ማርሹ ምንም አይወጣላቸውም፤ የቤቱ ኤሌክትሪክ ግን የተተበተበ ነው። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ የሚያውቀውን ችግር ሁሉ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ማሞቂያው ይነፍሳል እንጂ አይነድም። የውሃው ፓምፕ ሲነሳ መብራቱ ይደበዝዛል። ከሶኬቶቹ ግማሾቹ አይሠሩም። መኪናው ከቆመ በሳምንት ውስጥ ባትሪው ያልቃል፤ እየተነዳም አይሞላም። ቤት ሲሰካ ደግሞ የጋራዡን ሶኬት ያጠፋዋል።

ከዝርዝሩ ጋር አንድ ጥገና ቤት የሰጠው የዋጋ ግምት ተያይዟል። የማሞቂያው ቦርድና የባትሪው መሙያ ይቀየሩ ይላል። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ባነበው ግን አንድም ቦታ የተለካ ቮልት አልተጻፈበትም። ስለዚህ ምንም ዕቃ ሳይገዛ በፊት ሁሉም ነገር ይለካል። ይህን ማስታወሻ የምይዘውም ለዚያ ነው።

ዕቅዳችን በሰመር ልጆቹን ይዘን ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ማደር ነው። የመረጥነው ግሌሸር ቤዚን የሚባለውን የካምፕ ቦታ ሲሆን እዚያ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም፤ ጀነሬተር ማስነሳትም የሚፈቀደው በተወሰነ ሰዓት ነው። ከፍታው ወደ 2,600 ሜትር ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል ማለት ነው። ሰመርም ሆኖ ሌሊቱ ይበርዳል። ማሞቂያው በባትሪ የማያድር ከሆነ ጉዞው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሽፋኖቹን ከፍቼ የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእርሳስ ሳልኩ። ለማያውቀው ሰው፦ ሞተርሆም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት ነው፤ መብራቱን፣ የውሃውን ፓምፕ፣ የማሞቂያውን ማራገቢያ፣ የፍሪጁን መቆጣጠሪያ ቦርድና የጋዝ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ከውጭ ሶኬት ወይም ከጀነሬተር የሚመጣው 120 ቮልት ነው፤ የግድግዳ ሶኬቶቹን፣ ማይክሮዌቩን፣ ኤሲውንና የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኮንቨርተር ነው፤ 120 ቮልቱን ወደ 12 እየለወጠ መብራቱን ያበራል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ኢንቨርተር የሚባለው ተቃራኒውን ይሠራል፤ የእኔ መኪና የለውም። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ የማይፈልገውን ይገዛል።

የሽቦው ቀለም ነው ልብ የሚያደርቀው። እዚህ አገር በቤት ኤሌክትሪክ ጥቁሩ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ነው፤ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴው ወይም እርቃኑን የሆነው መዳብ ግራውንድ (የአደጋ መከላከያው)። በመኪና ሥራ ደግሞ ጥቁር ማለት ኔጌቲቭ ነው። የእኔ ሞተርሆም የቤት ክፍሉ 12 ቮልት ሦስተኛ ልማድ ይዟል፦ ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ። ስለዚህ በአንድ ቁምሳጥን ውስጥ ሁለት ጥቁር ሽቦ ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ብልጭታ ብቻ ይሆናል፣ ሌላው ሰው ይገድላል። የ12 ቮልቱን ፖዘቲቭ ባገኘሁበት ሁሉ ቀይ ናስትሮ ጠመጠምኩበት። ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ግን ዋጋው የማይተመነው ይኼ ነው።

የራሴ ደንብ፦ ሽፋን ከመከፈቱ በፊት የውጭው ገመድ ይነቀላል፣ ጀነሬተሩ ይጠፋል፣ ከዚያም 120 አለመኖሩ በቮልት መለኪያ (ሜትር) ይረጋገጣል። ባትሪ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ቁልፉ ሻሲውን ቢነካ እንኳ ምንም አይሆንም። ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ቀለበትና ሰዓት ኪስ ይገባሉ። 12 ቮልት ሰው አይጨብጥም ብሎ የሚንቅ አለ፤ ከፖዘቲቩ ጋር በቁልፍ የተገናኘ የጋብቻ ቀለበት ግን በቅጽበት ግሎ ጣት ያቃጥላል።

እሑድ፣ ባትሪዎቹ

ከመግቢያው ደረጃ ሥር ሁለት የጎልፍ ጋሪ ባትሪዎች አሉ። እያንዳንዳቸው 6 ቮልት ናቸው፤ በተከታታይ ታስረው 12 ይሆናሉ፣ አቅማቸውም ወደ 220 አምፔር ሰዓት ይጠጋል። ውሃቸው ወርዷል። የተጣራ ውሃ ጨምሬ፣ በተናጠል ቻርጀር ሞልቼ፣ አሳድሬ ለካሁ። የሊድ ባትሪ ከሞላ በኋላ አርፎ ሲለካ ወደ 12.7 ይላል፤ 12.2 ላይ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች መጎተት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የእነዚህ 12.6 ነው። ደህና ናቸው፤ አይቀየሩም።

ሊቲየም ግዛ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ከአቅሙም አብዛኛውን ይሰጣል፤ አልክድም። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ይታወቃል። በዚያ ላይ ከመኪናው ዲናሞ ጋር በቀጥታ ቢታሰር ያለ ልክ ስለሚስብ ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ መሃል ላይ ሌላ መሙያ መግባት አለበት። ሊድ የራሱ ጣጣ አለው፤ ባዶ ሆኖ ከከረመ ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ውሃው በረዶ ሆኖ ገላውን ይሰነጥቀዋል፣ ሞልቶ ከከረመ ግን የኮሎራዶ ብርድ አይነካውም። ለጊዜው በያዝነው እንቀጥላለን።

የሚቀጥለው እሑድ፣ ጋሼ

ጋሼ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ የፈጁ ሰው ናቸው። ባለቤቴ የጾም ሽሮ አቅርባ እስክንበላ ድረስ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው «እስቲ ታማሚውን አሳየኝ» አሉ።

ሁኔታውን ነገርኳቸው። ማሞቂያው ቴርሞስታቱ ሲጠይቀው ማራገቢያው ይነሳል፤ ጋዙ ግን አይከፈትም፣ ክብሪቱም አይመታም፤ ትንሽ ነፍሶ ያቆማል። ማራገቢያው ሳይነሳ ማሞቂያው ጋ ያለውን ሽቦ ስለካው 12.4 ይላል።

«በምን ለካኸው?» አሉ። ሜትሩን አሳየኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕቃህ እኮ ከሽቦው ምንም አይጠጣም። ገመዱ ተበልቶ አንዲት ክር ብትቀር እንኳ 12 ይልሃል። ሥራ ስጠውና እይ።»

ከቦርሳቸው አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አወጡ፤ 55 ዋት፣ ሁለት ረዥም ሽቦ የተበየደበት። ባትሪው ላይ ሲያገናኙት ነጭ ሆኖ በራ። ማሞቂያው ጋ ባሉት ሁለት ሽቦዎች ላይ ሲያገናኙት ደብዘዝ ብሎ ቢጫ ሆነ። ቀጥለው የአምፖሉን ፖዘቲቭ እዚያው ትተው ኔጌቲቩን በረዥም ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሳቡት። አምፖሉ ተመልሶ ነጣ። «የመጣው ደህና ነው፣ የሚመለሰው ነው የታመመው» ብለው ቡናቸውን ሊጠጡ ገቡ።

እኔ ያንኑ በቁጥር ልየው ብዬ ቀረሁ። ማሞቂያው በርቶ ማራገቢያው እየሠራ ወደ 8 አምፔር ይስባል። የሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ማሞቂያው ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አደረግኩ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ስለሆኑ በመካከላቸው ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን ነበረበት። 1.6 ቮልት አለ። በፖዘቲቩ በኩል በተመሳሳይ መንገድ 0.3 ብቻ ነው። ባትሪው ራሱ በዚያን ሰዓት 12.4 ነበር። ስለዚህ ማሞቂያው የሚደርሰው 10.5 ነው።

ይህ ለምን ጋዙን ይከለክላል? ማሞቂያው ውስጥ ንፋስ ሲገፋው የሚዘጋ ትንሽ ስዊች አለ። ማራገቢያው በቂ ንፋስ መስጠቱን ካላረጋገጠ ቦርዱ ጋዝ አይለቅም፤ አለበለዚያ ያለ ንፋስ ነዶ ማሞቂያው ይቃጠላል። በ10.5 ቮልት ማራገቢያው ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ግን ስዊቹን የሚገፋ ጉልበት የለውም። ቦርዱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ሊቀየር የተፈረደበት ቦርድ!

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ብሎኑ

የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከደረጃው ሥር በአንድ ብሎን ሻሲው ላይ ታስሯል። የቤቱ ክፍል ኔጌቲቭ ሁሉ ሻሲውን ተጠቅሞ በዚህች ብሎን በኩል ነው የሚመለሰው። ማሞቂያውን አስነስቼ ብሎኗን በእጄ ስነካት ሞቃለች። ሒሳቡም ይኼንኑ ይላል፤ 1.6 ቮልት በ8 አምፔር ሲባዛ ወደ 13 ዋት ይሆናል፣ ያ ሁሉ እዚያች ዝገት ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ቦታው ራሱ ለዝገት የተሰጠ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በክረምት መንገድ ላይ ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጫል፤ በረዶውን ያቀልጣል፣ ከመኪና ሥር የገባው ደግሞ ብረቱን ይበላል። ጎማው የሚረጨው ሁሉ የሚያርፈው በደረጃው ሥር ነው።

ኔጌቲቩን ከባትሪው ፈትቼ ብሎኗን ፈታሁ። ሮንዴላዋ ዱቄት ሆናለች። ሻሲውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ፈተግኩ፤ ቀለም ላይ የታሰረ ግራውንድ ግራውንድ አይደለም። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ስለሆነ ቆርጬ ጣልኩና በአዲስ ባለ 2 ቁጥር ወፍራም ገመድ ለወጥኩት። ገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባውን የማሰሪያ ቀለበት በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ጨመቅኩ፣ ሙጫ ያለው የሚሸበሸብ ጎማ አለበስኩ፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ አድርጌ ካጠበቅኩ በኋላ ከላዩ ግራሶ ቀባሁ። ግራሶው ከመታሰሩ በፊት ሳይሆን ከታሰረ በኋላ ነው፤ ሥራው ውሃ መከልከል ነው።

ቀለበቱን መበየድ ይሻላል የሚሉ አሉ። በማይንቀሳቀስ ዕቃ ላይ እስማማለሁ። መኪና ላይ ግን ብየዳው ገመዱ ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል፤ ከደረቀው ቦታ ላይ በመንቀጥቀጥ ይሰበራል። በደንብ የተጨመቀ ይበልጣል፤ በመዶሻ የተጨፈለቀ ግን ከሁለቱም ያነሰ ነው።

ለወደፊቱም ሻሲውን ብቻ ማመን ስላልፈለግኩ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ፊዩዝ ሳጥኑ ኔጌቲቭ ማሰሪያ ድረስ ሌላ ወፍራም ገመድ ለብቻው ዘረጋሁ። ከባትሪው የሚነሳው ፖዘቲቭ ላይ ደግሞ ዋና ፊዩዝ አልነበረውም፤ ከባትሪው ግማሽ ሜትር በማይሞላ ርቀት አስገባሁ። ፊዩዙ ሽቦውን እንጂ ዕቃውን ለማዳን አይደለም የሚገባው፤ ከፊዩዙ በፊት ያለው ሽቦ ቢፋተግና ሻሲ ቢነካ የሚያቆመው የለም፤ ስለዚህ ያ ቁራጭ አጭር መሆን አለበት።

ውጤት፦ ማሞቂያው እየሠራ በኔጌቲቩ በኩል የሚጠፋው 0.1 ሆነ። ማሞቂያው ጋ 12.0 ደረሰ። ቴርሞስታቱን ከፍ አደረግኩት፤ ነፈሰ፣ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ነደደ። ፓምፑን ከፈትኩ፤ መብራቱ አልደበዘዘም።

ማክሰኞ ማታ፣ ኮንቨርተሩ

ኮንቨርተሩም ተጠርጥሮ ነበርና እሱንም ለካሁት። ከውጭ 119 ቮልት ይገባዋል። ከራሱ የሚወጣው 13.6 ነው። ባትሪው ላይ አሁን 13.5 ይደርሳል። ቀድሞ የሚሞላውም በዚያችው በተበላች ብሎን በኩል ስለነበር ገና ብዙ አምፔር መግፋት ሲጀምር ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ባትሪው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ዕቃው ጤነኛ ነው። አሮጌ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ቮልት ብቻ ነው የሚሞላው። አዲሶቹ መጀመሪያ 14.4፣ ከዚያ 13.6፣ ሲያርፉ 13.2 እያሉ በደረጃ ይሞላሉ፤ ቶሎም ይሞላሉ። ይኼኛው እስኪሞት ድረስ ግን አይነካም።

ኮንቨርተር ሞቷል ተብሎ ሲታሰብ ከፊት ለፊቱ ያሉት ሁለት ፊዩዞች መታየት አለባቸው፤ ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር እንዲቃጠሉ ሆን ተብሎ የተቀመጡ ናቸው። ያንን ሳያይ ሙሉ ዕቃ የሚቀይር ሰው አለ። ሌላ ነገር ደግሞ፦ የተቃጠለ ፊዩዝ በዚያው ቀለም ይተካ። ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። ይህ መኪና ውስጥ ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ አረንጓዴ ተሰክቶ አገኘሁ። ጋሼ ሲያዩት የሲጋራ ብር ወረቀት ከተጠቀለለበት ፊዩዝ አይሻልም አሉ።

ኤፕሪል፣ ባትሪውን ማን ይጠጣዋል?

ሁሉንም ነገር አጥፍቼ በኔጌቲቩ ገመድ ላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለካ ክላምፕ ሜትር አደረግኩ። 2.1 አምፔር። በቀን ወደ 50 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ ሰውዬው በሳምንት ውስጥ ያልቃል ያለው ልክ ነበር። ፊዩዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሜትሩን አየሁ። አንዱ ሲነቀል በአንድ ጊዜ 1.5 ወረደ። የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሎቹ መስመር ነው። ስልኬን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጌ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኩና በሩን ዘጋሁት። መብራቱ በሩ ሲዘጋም ይበራል፤ በሩ የሚጫነው ስዊች ተጣሟል። 18 ዋት የድሮ አምፖል ነው፤ 18 በ12 ሲካፈል ያው 1.5።

ስዊቹን አቃናሁ። በዚያው የቤቱን አምፖሎች ሁሉ በኤልኢዲ ቀየርኩ። ብርሃኑ ያው ነው፤ የሚጠጡት ከአሥር እጅ አንድ አካባቢ ነው። ሥራውን ልጆቹ ናቸው የሠሩት።

የቀረው 0.6 ነው። ከዚያ ላይ የቴሌቪዥን አንቴናውን ማጉያ አጠፋሁ። የጋዝ ጠቋሚው ግን ሁልጊዜ መብራት አለበት፤ ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ እሱን የሚነቅል ሰው አይግጠማችሁ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ወለል አጠገብ ነው የሚገኘው። ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን አለ፤ ዕድሜው ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። የእኔው ከመኪናው ጋር ነው የተወለደው፤ ወዲያው ተቀየረ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዲናሞው

ሞተሩ እየሠራ የሞተሩ ባትሪ 14.2 ይላል፣ የቤቱ ባትሪ 12.6። ዲናሞው ይሞላል ግን ወደ ቤቱ አያሻግርም። ሁለቱን የሚያገናኝ ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስዊች፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ አለ፤ ቁልፉ ሲዞር ተዘግቶ ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኛል፣ ሲጠፋ ይለያያቸዋል፣ ሌሊቱን መብራት ስናበራ ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ እንዳያልቅ። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ይላል። ትንሿ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ሁለቱ ትልልቅ ብሎኖቹ መካከል ግን ተዘግቶም 1.4 ቮልት ይጠፋል፤ ውስጡ ያለው መነካኪያ ተቃጥሏል።

ነቅዬ ሳየው ቀድሞ የሠራው ሰው የሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ሶሌኖይድ ነው የገጠመለት። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። የሞተሪኖው ግን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እንዲዘጋ የተሠራ ነው፤ ሰዓታት ሙሉ ተዘግቶ ሲቆይ ጥቅልሉ ይግላል። ለዚህ ሥራ ያለማቋረጥ እንዲሠራ የተሠራው ነው የሚገባው፤ ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። አዲሱ ገባ፤ የሚጠፋው 0.1 ነው። ሠፈር ዞሬ ስመለስ የቤቱ ባትሪ 14 አካባቢ ነበር።

ሜይ፣ 120ው

እዚህ ላይ ፍጥነቴን ቀነስኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሶኬት ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. ነው፤ በሄደውና በተመለሰው ኤሌክትሪክ መካከል ወደ 5 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ በቅጽበት ይቆርጣል። ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል፣ ይኼ ሰውን ይጠብቃል። ከእሱ በኋላ የኩሽናው፣ የመኝታው እና የውጭው ሶኬት ተንጠልጥለዋል፤ እሱ ሲቆርጥ ሁሉም ይሞታሉ። ወደፊት የሚሄደውን ሽቦ ፈትቼ ቁልፉን ስጫነው ያዘ። ስለዚህ ሶኬቱ ጤነኛ ነው፣ በሽታው ከእሱ ወዲያ ነው። የውጭውን ሶኬት ከፈትኩ፤ የሽፋኑ ጎማ ተቀዷል፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ የማያስገባ ሽፋን ባለው አዲስ ተተካ።

የመኝታ ቤቱ ሶኬት አሁን ቮልት አለው፤ ሥራ ስሰጠው ግን ሌላ ነው። የፀጉር ማድረቂያ ሰክቼ ለካሁ፤ ሌሎቹ ጋ 117 ሲሆን እዚያ 108 ወረደ። እነዚህ ሶኬቶች ለሞተርሆምና ለተንቀሳቃሽ ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ሽቦውን በብሎን ሳያስሩ በቢላ መሰል ጥርስ ልባሱን ወግተው ይይዙታል። ፋብሪካ ውስጥ ቶሎ ይገጠማሉ። መንገድ ላይ ለዓመታት ከተንቀጠቀጡ በኋላ ይላላሉ። የዚህኛው ጀርባ ቡናማ ሆኗል። ሳይነድ በመገኘቱ እግዚአብሔር ይመስገን። በሳጥንና በብሎን በሚታሰር ቀየርኩት፤ ሌሎቹንም በየተራ እቀይራለሁ።

የጋራዡ ጉዳይ ቀረ። የጋራዡም ሶኬት ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. ነው። በመኪናው ውስጥ ያሉትን ብሬከሮች ሁሉ አጥፍቼ ሰካሁ፤ ያዘ። አንድ በአንድ ሳበራ የቦይለሩ ላይ ስደርስ ቆረጠ። (ሁሉም ጠፍተውም ቢቆርጥ ኖሮ ኒውትራልና ግራውንድ አንድ ቦታ ተነካክተዋል ማለት ነበር፤ ሞተርሆም ሳጥን ውስጥ ሁለቱ ተለያይተው መኖር አለባቸው፣ የሚገናኙት በቤቱ ዋና ሳጥን ወይም በጀነሬተሩ ላይ ነው።) ገመዱን ነቅዬ የቦይለሩን ማሞቂያ ዘንግ ለካሁ። 1,440 ዋት ነው፤ በ120 ቮልት 10 ኦም መሆን አለበት፣ ነውም። ከዘንጉ ወደ ገላው ግን ሜትሩ ምንም ማሳየት አልነበረበትም፤ 8,000 ኦም አካባቢ አሳየ። ወደ 15 ሚሊ አምፔር ወደ መኪናው ገላ ያፈሳል። ግራውንዱ በሆነ ምክንያት ቢቋረጥ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚይዝ ልጅ ነው የሚያገኘው። ቦይለሩን አራግፌ ዘንጉን ቀየርኩ። ቀድሞ ውሃ ሳይኖርበት ተነስቶ ይሆናል፤ ማብሪያው ላይ «ውሃ ሳይሞላ አይነካም» ብዬ ለጥፌበታለሁ።

ሜይ መጨረሻ፣ የቤቱ መሰኪያ

ቤት አጠገብ የ30 አምፔር መሰኪያ እንዲገባ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። የቤቱ ዋና ሳጥን የእኔ ሥራ አይደለም። ሰውዬው መሰኪያውን እንዳየ 240 ቮልት የሚሰጠውን ባለ ሁለት እግር ብሬከር አወጣ። አስቆምኩት። ይህ መሰኪያ ባለ ሦስት እግር ስለሆነና 30 አምፔር ስለተጻፈበት የድሮ የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ይመስላል፤ ማድረቂያው 240 ቮልት ነው፣ ሞተርሆሙ ግን 120። 240 ከገባበት ኮንቨርተሩ፣ ማይክሮዌቩና የፍሪጁ ቦርድ ባንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ይህ በየቦታው የሚደርስ ጥፋት ነው፤ ሠራተኛው ጎበዝ ስለሆነም አይቀርም፣ ቤት ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው 30 አምፔር ሲባል ማድረቂያ ነው የሚታየው። መሰኪያው ላይ የተጻፈውን 125 ቮልት አሳየሁትና ባለ አንድ እግር ብሬከር በ10 ቁጥር ሽቦ አስገባ። ከመሰካቴ በፊት ለካሁ፦ ከጥቁሩ ወደ ነጩ 121፣ ከጥቁሩ ወደ ግራውንድ 121፣ ከነጩ ወደ ግራውንድ ዜሮ። ከዚያ ሰካሁ።

ጁን

መጀመሪያ እዚሁ ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ አደርን፤ መሰኪያ አለ፣ ቤትም ቅርብ ነው፣ አንድ ነገር ቢጎድል ይመለሱበታል። ምንም አልጎደለም።

ግሌሸር ቤዚን ላይ ሒሳቡ እንዲህ ነበር። ማሞቂያው ሌሊቱን ግማሽ ያህል ቢሠራ 5 ሰዓት በ8 አምፔር፣ 40። መብራትና ፓምፕ 8። የጋዝ ጠቋሚውና ቦርዶቹ ለ24 ሰዓት 12። በድምሩ 60 አምፔር ሰዓት ገደማ፤ ከባትሪዎቹ ልንወስድ የምንፈቅደው ግማሹን፣ 110 ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳና ሲያርፍ ሰማሁት። ጠዋት ሁሉ ነገር ጠፍቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ ባትሪው 12.4 አለ። በፓርኩ ውስጥ ወደ ድብ ሐይቅ (ቤር ሌክ) በሚወስደው መንገድ ነድተን ስንመለስ ደግሞ ከዲናሞው ያገኘውን ጨምሮ ነበር።

የቀረ ሥራ፦ የቀኝ ኋላ ፍሬቻ ቶሎ ቶሎ ይላል። አምፖሉ ደህና ነው። የጋሼን አምፖል አገናኝቼ አየሁት፤ እዚያም የሚመለሰው ነው፣ የመብራቱ ግራውንድ ብሎን በፓራውልቱ ውስጥ በኩል ዝጓል። የሽቦ ብሩሹና አዲስ ቀለበት ለቅዳሜ ተዘጋጅተዋል።